ይቅር ያለ ሰው ቁስሉን ማስታወስ ይገባዋልን?

በአዲስ አበባ ምሥራቅ በቦሌ በኩል የምትገኘው ደብር ሰአሊተ ምሕረት ትባላለች፤ ሕዝቡም አሳጥሮ ሳሊተ ምሕረት ይላታል፤ ሰፈሩም በስሟ ይጠራል። ሰአሊተ ምሕረት ማለት ምን ማለት ነው ቢሉ፥ ምሕረትን የምትለምን ማለት ነው፤ ሰአለ ለመነ ካለው ግሥ የወጣ ነው። ይኸውም እመቤታችን ስለ ኃጥኣን ወደ ልጇ ወደ ወዳጇ የምታማልድ መሆኗን ይናገራል። አንድም፥ በዚህ ስም በተጠራ ቦታ የሚሰበሰብ ሁሉ ለራሱ ምሕረትን የሚለምን እንደ ሆነ፥ ለባልንጀራውም ምሕረትን ማድረግ እንደሚገባው ያሳስባል። ምሕረትን እየለመነ ቂምን የሚያቈይ ሰው ልመናው ከከንፈሩ አያልፍምና።

ባለፈው የካቲት 12 ቀን፥ የሰማዕታት መታሰቢያ በሚከበርበት ዕለት፥ ይህንኑ አስተምሬ ከዐውደ ምሕረቱ ስወርድ፥ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ አንድ ምእመን ቆመው ጠበቁኝ። አባታቸው በ1929 ዓ.ም. በዚሁ ቀን ከቤት እንደ ወጡ ቀርተዋል። እናታቸው እርሳቸውን በጀርባዋ አዝላ ሬሳ ስትፈልግ ሰንብታ ሳታገኝ መመለሷን ከዚህ ቀደም ነግረውኛል። መቃብር ስለሌለ በየዓመቱ በዚህ ቀን ነዳያንን ያበላሉ፤ የአባታቸውንም ስም እያስጠሩ ጸሎተ ፍትሐት ያስደርጋሉ።

በዚያ ዕለት ግን እንዲህ አሉኝ። «መምህር፥ እኔ ጣሊያንን ይቅር ብያለሁ። በወጣትነቴ ሙያ ያስተማረኝ እዚሁ የቀረ ጣሊያን መካኒክ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ሙያ ነው። ነገር ግን የልጅ ልጄ ይከራከረኛል። ይቅር ካሉ ለምን በየዓመቱ ያነሡታል? የሚያነሡት ከሆነስ ይቅር ማለትዎ ምኑ ላይ ነው? ይለኛል። መልስ አጣሁለት። እስቲ ይንገሩኝ፤ ማስታወሴ ኀጢአት ይሆንብኛልን?»

የልጅ ልጃቸውም ክርክሩን ያለ ምክንያት አላነሣውም። በሰፈራችን በኩል የሚያልፈውን፥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡር የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር ሠርቶ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ የጃፓን ስም በተነሣ ቍጥር ፊቱ ይለዋወጥ ነበር አለ፤ ጦርነቱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ የተወለደ ጐልማሳ ሆኖ ሳለ። ወጣቱም ከዚህ ተነሥቶ፥ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያፋጀው ማስታወስ ነው፤ ቻይናና ጃፓን የሞቱትን ቢተዉ ኖሮ ሕያዋኑ በሰላም ይኖሩ ነበር፥ ብሎ ደመደመ።

ይህ ጥያቄ በአንድ ቤት ውስጥ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የተነሣ ቢሆንም የሁላችን ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሽማግሌውን ፈቃድ ተቀብዬ መልሱን በጽሑፍ ለማቅረብ ወደድሁ። ወጣቱ የጠቀሰውን የሩቅ አገር ምሳሌ አስቀድመን እንመርምር፤ ከዚያም ወደ ራሳችን እንመለስ። የዘመኑም ቍጥር ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

የቻይናና የጃፓን ነገር ከመሠረቱ ጠላትነት አልነበረም። ጃፓኖች የጽሕፈትን ጥበብ የተቀበሉት ከቻይና ነው፤ ብዙ የመጻሕፍት ትምህርትና የመንግሥት ሥርዐትም ከዚያው ቀድተዋል። በስምንተኛው መቶ ዓመት ጋንጂን የሚባል አንድ የቻይና መነኵሴ በጃፓኖች ተለምኖ ሥርዐተ ምንኵስናቸውን ለማስተማር ባሕር ሊሻገር ተነሣ። አምስት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፤ በዚህም ድካም ዐይኑ እንደ ጠፋ ይተረካል። በስድስተኛው ጊዜ ዕውር ሆኖ ደረሰ፤ ናራ በምትባለው ከተማ ያቆመውም ገዳም እስከ ዛሬ አለ። እምነቱ ከእምነታችን የተለየ ነው፤ ይሁን እንጂ ለባዕድ ሕዝብ ሲል ዐይኑን ያጣ መምህር መታሰብ የሚገባው ነው። እንግዲህ ቻይና መምህር፥ ጃፓን ደቀ መዝሙር ነበረች ማለት ይቻላል።

ኋላ ግን ጃፓን የአውሮፓን የጦር ጥበብ ተማረች፤ ከጥበቡም ጋር የሰው አገር የመያዝን ምኞት አብራ ተማረች። በኮርያ ምክንያት ከቻይና ጋር ተዋግታ ድል አደረገች። በሚያዝያ 1887 ዓ.ም. በሺሞኖሴኪ በተፈረመው ውል ቻይና የታይዋንን ደሴት አስረከበች፤ 200 ሚሊዮን ታኤል ብርም ካሣ እንድትከፍል ተገደደች፤ ታኤል የሚባለው የብር ሚዛን ነው። ዓመት ሳይሞላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እኛ በዐድዋ ኢጣልያን ድል አደረግን። ያ ዘመን እንዲህ ነበር፤ ቀድሞ መድፍ ያገኘ ሁሉ የጐረቤቱን መሬት የራሱ ርስት አድርጎ ይቈጥር ነበር።

በዚያን ጊዜ የእኛም ሊቃውንት ጃፓንን ያደንቋት ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደዚያው በመልእክት ተጕዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመስከረም የጃፓን ጦር የቻይናን ምድር ማንቹሪያን ያዘ። የመንግሥታት ማኅበር መረመረ፥ ተናገረም፤ ነገር ግን አላዳነም። ጃፓን በመጋቢት 1925 ዓ.ም. ከማኅበሩ መውጣቷን አስታወቀች። ኢጣልያም ይህን አይታ ተማረች፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ ላይ ዘመተች። በማንቹሪያ ያልተፈረደው ፍርድ በኢትዮጵያ ላይ ሌላ በደል ወለደ። በ1929 ዓ.ም. ያደነቅናት ጃፓን የኢጣልያን ድል ዐወቀች፤ እርሷ ራሷ የቈሰለችው ቻይና ግን ከማያውቁት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሆና ቀረች። ቍስለኛ የቍስለኛን ሕመም ያውቃል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም ዐሥር ወር ሳይሞላው፥ ታኅሣሥ 4 ቀን 1930 ዓ.ም. የጃፓን ጦር የቻይና መናገሻ ወደ ነበረችው ወደ ናንጂንግ ገባ። ስድስት ሳምንት ያህል እጃቸውን የሰጡ ወታደሮችና ሰላማውያን ሰዎች ተፈጁ፤ እጅግ ብዙ ሴቶችም ተደፈሩ። ቻይናውያን የሟቾቹን ቍጥር 300,000 ይላሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ በቶኪዮ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከ200,000 በላይ ብሏል። በመስከረም 1965 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ ቻይና የጦርነት ካሣ መጠየቋን ተወች፤ በነሐሴ 1970 ዓ.ም. ደግሞ የሰላምና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ውሉ ሲታይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ለምን አላለቀም?

ያላለቀው ቻይናውያን ስላስታወሱ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 1971 ዓ.ም.፥ የሰላሙ ውል ከተፈረመ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በቶኪዮ ያሱኩኒ በሚባለው መቅደስ፥ ለአገር የሞቱ ወታደሮች በሚታሰቡበት ቦታ፥ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከተከሰሱት ዋና ዋና የጦር ወንጀለኞች የዐሥራ አራቱ ስም ከተከበሩት ጋር ተጨመረ። ነሐሴ 9 ቀን 1987 ዓ.ም. የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሙራያማ ስለ ደረሰው በደል መጸጸታቸውንና ይቅርታ መጠየቃቸውን በግልጥ ተናገሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ መሪዎች ግን ወደዚያ መቅደስ ሄደው ሰገዱ። አንዱ አፍ ተጸጸትሁ ሲል ሌላው እግር ወደ መቅደሱ ሲሄድ፥ የተበደለው የትኛውን ይመን? በሌላው ወገን ደግሞ የቻይና ሹማምንት የሕዝቡን ሐዘን ለፖለቲካቸው በሚመች ጊዜ የሚቀሰቅሱበት፥ በማይመች ጊዜ የሚያዳፍኑበት ወቅት አለ። እንግዲህ እሳቱን ያነደደው ማስታወስ ራሱ አይደለም፤ በአንድ ወገን ያልጸና ኑዛዜ፥ በሌላው ወገን መሣሪያ የሆነ ሐዘን ነው።

ለዚህም ከዚያው ከሁለቱ ሕዝቦች ታሪክ ማስረጃ አለን። በ1948 ዓ.ም. ቻይና በጦር ወንጀለኝነት ይዛ ካቈየቻቸው አንድ ሺህ ከሚበልጡ ጃፓናውያን መካከል 45ቱን ብቻ ለፍርድ አቀረበች፤ ከእነርሱም በሞት የተቀጣ የለም፤ የቀሩትን ወደ አገራቸው ሰደደች። ፉሹን በሚባል ቦታ ታስረው በነበሩባቸው ዓመታት እያንዳንዳቸው የሠሩትን እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። የመንግሥት ትምህርት የተቀላቀለበት ነገር መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ፍሬውን እንይ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ፥ የሚያስገድዳቸው ማንም በሌለበት፥ ማኅበር መሥርተው በገዛ እጃቸው የሠሩትን ግፍ ለገዛ ወገናቸው እየዞሩ ተናገሩ። ወገኖቻቸው አእምሯቸው ታጥቦ ነው እያሉ ሲሰድቧቸው ታገሡ። በጥቅምት 1981 ዓ.ም. ወደ ፉሹን ተመልሰው ታስረውበት በነበረው ግቢ ለገደሏቸው ሰዎች የይቅርታ ሐውልት አቆሙ። ጃፓን በተሸነፈች ጊዜም በማንቹሪያ ወድቀው የቀሩ የጃፓን ልጆችን ቻይናውያን ገበሬዎች አንሥተው አሳድገዋል፤ ከሁለት ሺህ በላይ የሚሆኑት ኋላ ትውልዳቸው ታውቋል። እነዚያ ገበሬዎች ማን እንደ በደላቸው አልረሱም፤ ነገር ግን የጠላት ልጅ ሲያለቅስ ወተት ሰጡት። እንግዲህ ማስታወስና ምሕረት በአንድ ልብ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የእኛን ሐዘን ማንም አያጣውም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዝተው በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። በየካቲት 12 እና በተከታዮቹ ቀኖች በአዲስ አበባ ያለቀውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎታል። ከዚያም ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ዕለት፥ በደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡ መነኮሳት፥ ካህናት፥ ዲያቆናትና ተሳላሚዎች ተከብበው ተያዙ፤ እየተወሰዱም ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ ያስታወቀው ቍጥር ከ400 በላይ ነበር፤ ኋላ ቦታው ድረስ ሄደው የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ከ1,400 እስከ 2,000 ይገምቱታል። ለማኅሌት የቆሙ ዲያቆናት ከዚያ አልተመለሱም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ በተማረከው ጠላት ላይ እጁን እንዳያነሣ አዘዙ። አባቱ የተገደለበት፥ እናቱ የተቃጠለችበት ሕዝብም በብዛት ታዘዘ። ከኢጣልያኖቹም በሰላም የቀሩ ነበሩ፤ ጋራዥ ከፈቱ፥ ግንብ ገነቡ፥ ከእኛም ተጋቡ። ሰፈራችን አጠገብ ያለው ሲኤምሲ እንኳ ስሙን ያገኘው ቈይቶ መጥቶ ቤቶች ከሠራ የኢጣልያ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ነው። ይህ የምሕረት ሥራ የክርስትናችን ክብር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ምሕረታችንን ዓለም እንደ መርሳት ቈጠረው። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል፥ የወሰደችውንም ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተወሰነ። የቆቃ ግድብ በዚህ ካሣ ተሠርቷል፤ የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ 18ቱ ወር 58 ዓመት ሆነ። ግራዚያኒ በአገሩ የጦር ፍርድ ቤት በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ነገር ግን ጀርመኖችን አግዘሃል ተብሎ ነው እንጂ ስለ ኢትዮጵያውያን ደም አልተጠየቀም፤ እርሱም በጥቂት ወር ውስጥ ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። አንባብያን ሆይ፥ ይህን ነገር ከያሱኩኒው መቅደስ ጋር አስተያዩት። ሟች ካልታሰበ ገዳይ ይታሰባል። የተገደሉት ስማቸው ከጠፋ፥ የገደላቸው ሰው ስም በእብነ በረድ ይጻፋል።

እንግዲህ የሽማግሌውን ጥያቄ ለመመለስ አራት ነገሮችን ለይተን ማወቅ ይገባናል። ሕዝብ አራቱን ስለሚያደባልቃቸው ነው ይቅርታ ከመርሳት፥ ማስታወስም ከቂም የሚቈጠረው።

አንደኛው በቀል ነው። በቀል የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው፤ ሰው ሊነካው አይገባም። በቃየል ላይ የፈረደ ጌታ ቃየልን ማንም እንዳይገድለው ምልክት አድርጎበታል። የአቤልን ደም ጩኸት ሰምቷል፤ ነገር ግን በቀሉን ለሰው እጅ አልሰጠም።

ሁለተኛው ቂም ነው። ቂም የልብ እሾህ ነው፤ በዳዩን ሳይሆን የተበደለውን ይወጋዋል። ይህንንም እያንዳንዱ ሰው በዳዩ ቢጸጸትም ባይጸጸትም ከልቡ ሊነቅለው የታዘዘ ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚወግሩት ሰዎች ድንጋዩን ከእጃቸው እስኪጥሉ አልጠበቀም፤ ድንጋዩ እየወረደበት ጸለየላቸው።

ሦስተኛው ፍትሕ ነው። ፍትሕ እውነትን ማውጣት፥ የተወሰደውን መመለስ፥ የፈረሰውን መካስ ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ደስ ብሎኛል ብሎ ዝም አላለም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ስለዚህ ካሣ መጠየቅ፥ ቅርስን ማስመለስ፥ ታሪክ በትክክል እንዲጻፍ መሟገት የምሕረት ተቃራኒ አይደለም። ለበዳዩም ቢሆን የንስሐ በር ነው። ያለ ኑዛዜ ቀኖና፥ ያለ ቀኖናም ፍጹም ፈውስ እንደሌለ ካህናት ሁላችን እናውቃለን።

አራተኛው መታሰቢያ ነው። መታሰቢያ ሟቹን በስሙ ጠርቶ በእግዚአብሔር ፊት ማቅረብ ነው። ይህንንም ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ታደርገዋለች። ስንክሳሩ በየቀኑ ሲነበብ ሰማዕቱን በስሙ ያነሣል፤ ማን እንዳሠቃየው፥ በምን እንዳሠቃየው ሳይሸሽግ ይናገራል። ምእመናኑ ግን ይህን ሰምተው ለበቀል አይነሡም፤ በረከቱ ይደርብን ብለው ይወጣሉ። መታሰቢያ ማለት ይህ ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር ይታሰብ። ሽማግሌው ይቅር ሊሉ የሚችሉት የራሳቸውን በደል ነው፤ ያለ አባት ማደጋቸውን፥ የእናታቸውን እንባ ማየታቸውን። የአባታቸውን ደም ግን ይቅር የሚሉት አባታቸውና የደሙ ፈጣሪ ናቸው። መንግሥትም በቀልን ሊከለክል፥ ካሣን ሊተው ይችላል፤ በሟቾች ስም ግን ምንም አልተደረገም ሊል አይችልም። እስጢፋኖስም ለራሱ ገዳዮች ጸለየ፤ ሌላው ስለ እርሱ ሆኖ ሊረሳለት አይገባውም ነበር። እንግዲህ ሽማግሌው በየዓመቱ ያባታቸውን ስም ማስጠራታቸው ይቅርታቸውን ማፍረስ አይደለም፤ የእርሳቸው ያልሆነውን ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ግን ጌታችን ራሱ ነው። በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ምሕረትን ለመነ፤ ከዚህ የሚበልጥ ይቅርታ አልተደረገም። በሦስተኛው ቀን በተነሣ ጊዜ ግን የችንካሩን ምልክት ከእጁ፥ የጦሩንም ምልክት ከጎኑ አላጠፋም። ሞትን ያሸነፈ አምላክ ጠባሳን ማጥፋት ተስኖት ነውን? አይደለም። ለቶማስም አሳየው፤ ቶማስም በቍስሉ ምልክት አምላክነቱን ዐወቀ። ያ ቍስል አይደማም፤ አያመረቅዝም፤ ማንንም አይከስም፤ ነገር ግን አልተሰወረም። ይቅር ያለ ሰው ቍስልም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። የማይደማ፥ ነገር ግን የማይደበቅ ይሁን። ቂም ማለት የሚያመረቅዝ ቍስል ነው፤ መርሳት ደግሞ ቍስሉ አልነበረም ብሎ መዋሸት ነው፤ ምሕረት ግን የዳነ ቍስል ነው።

ዮሴፍም ለወንድሞቹ ያደረገው ይህንኑ ነው። ይቅር አላቸው፤ በራብ ዘመን መገባቸው፤ ልጆቻቸውንም አጽናና። ነገር ግን አልሸጣችሁኝም አላለም። ክፉ እንዳሰቡበት በፊታቸው ተናግሮ፥ እግዚአብሔር ግን ለበጎ እንዳደረገው ገለጠላቸው። የበደሉ ስም ሳይለወጥ ፍቅሩ ተጨመረ።

ወጣቱ ደግሞ ስለ ሕዝብና ሕዝብ ነውና የጠየቀው፥ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾማትን የነነዌን ነገር ያስብ። ነነዌ የእስራኤል ጠላት የአሦር ከተማ ናት። ዮናስም ወደ እርሷ መሄድን የጠላው ምሕረት እንዳታገኝ ፈልጎ ነው፤ በዳናችም ጊዜ ተቈጣ። ቤተ ክርስቲያን ግን የጠላትን ከተማ ንስሐ ለልጆቿ ጾም አድርጋ ሰጠቻቸው። ነገር ግን እናስተውል፤ ነነዌ የዳነችው ኀጢአቷ ስለ ተረሳ አይደለም፤ ነቢዩ በአደባባይ ስለ ተናገረና ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ በዐመድ ላይ ስለ ተቀመጠ ነው። ዝም ያለ ነቢይ ነነዌን ባላዳናት ነበር። በዳዩን የምንወድ ከሆነ በደሉን ልንነግረው ይገባል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ሌላው ስለ በደለን ነው፤ ይህም ለማድመጥ ይቀላል። አሁን የሚከብደውን ልናገር። በዐድዋ ድል ጊዜ የተማረኩት ኢጣልያኖች በርኅራኄ ተይዘዋል፤ ይህን በኩራት እንተርካለን። በጠላት በኩል ተሰልፈው የተማረኩት የገዛ ወገኖቻችን ግን በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል፤ ይህን ግን አንተርክም። ለባዕድ የተዘረጋ ምሕረት ለወንድም አጠረ። ደቀ መዝሙርና መምህር የነበሩት ሁለቱ የሩቅ ምሥራቅ ሕዝቦች እንደ ተፋጁ፥ እኛም ከባዕድ ይልቅ በወንድም ላይ እንጨክናለን። በ2013 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን የተነሣው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመ ስምምነት ተኩሱ ቆመ፤ ነገር ግን በዚያ ጦርነት ልጁን የቀበረ፥ ወይም ለመቅበር እንኳ ያልታደለ ስንት ቤት አለ? ከዚያም ወዲህ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ወንድም በወንድሙ እጅ ሞቷል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሟች ብቻ ይቈጥራል፤ የሌላውን ሟች ቍጥር ይከራከራል። ናንጂንግን የካደውን የምንወቅስ፥ የአፊሌን መታሰቢያ የምንቃወም ሰዎች፥ የእኛ ወገን የገደላቸውን ሰዎች ስም ጠርተን እናውቃለንን?

ስለዚህ ማስታወስ መልካም ወይም ክፉ መሆኑ የሚለይበት መስፈርት ይህ ነው። የራስህን ቍስል ብቻ የሚያሳይህ ማስታወስ ከቂም የራቀ አይደለም። የራስህን ቍስልና በእጅህ የቈሰለውን ሰው ቍስል አንድ ላይ የሚያሳይህ ማስታወስ ግን ከምሕረት የተወለደ ነው። የፉሹን እስረኞች ወደ አገራቸው ተመልሰው የተናገሩት ቦምብ በጃፓን ከተሞች ላይ መውደቁን ብቻ አልነበረም፤ እነርሱ ራሳቸው የሠሩትን ተናገሩ። ከእኛ ከክርስቲያኖች፥ በየጊዜው ለንስሐ አባታችን ከምንናዘዘው፥ ከዚህ ያነሰ ይጠበቃልን?

ለካህናት ወንድሞቼም አንድ ቃል አለኝ። ሐዘንተኛ ወደ እኛ ሲመጣ «ተወው፥ እርሳው» ማለት ይቀናናል። ይህ ቃል የሚያሳርፈው እኛን እንጂ ሐዘንተኛውን አይደለም። ቂሙን እንዲተው እንምከረው፤ ሟቹን እንዲተው ግን አንምከረው። ስሙን እንጠይቅ፤ በጸሎተ ፍትሐት እናንሣው፤ ከዚያም፥ ጊዜው ሲደርስ እንጂ ሳንቸኵል፥ የገደለው ሰው ንስሐ እንዲያገኝ አብረን እንድንጸልይ እንጠይቀው።

ለሽማግሌው የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። «ማስታወስዎ ኀጢአት አይደለም፤ ግዴታዎ ነው። ብቻ ከዚህ በኋላ ነዳያንን በሚያበሉበት ቀን የአባትዎን ስም ካስጠሩ በኋላ ስለ ገደላቸው ሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ።» እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ኋላም፥ «ስሙን አላውቀውም» አሉኝ። እግዚአብሔር እንደሚያውቀው ነገርኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ፤ ለዚህ መልስ ሦስት ወር ፈጀባቸው። በግንቦት 12 ቀን፥ የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታት በተያዙበት ዕለት፥ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። «ዛሬ ደገምሁለት» አሉኝ፤ ወጣቱም ያያቱን በትር ይዞ ከጎናቸው ቆሞ ነበር።

ምሕረትን የምትለምን እመቤታችን ልባችንን ከቂም፥ አንደበታችንንም ከሐሰት ትጠብቅልን፤ በግፍ የሞቱትን ሁሉ፥ ስማቸው የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም፥ እግዚአብሔር በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።